ከጅዳ የመጣ ፓኬጅ ኤሲ ኮምቦልቻ ላይ ለመትከል፦ ስለ አየር ማስተላለፊያ ቱቦው (ዳክቱ) ምክር እፈልጋለሁ

ቦርከና ዳር

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ቤታችን በብሎኬት የተሠራ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ቺፕውድ የሆነ፣ አንድ ሳሎንና ሦስት መኝታ ቤቶች ያሉት፣ በጠቅላላው 100 ካሬ ሜትር ገደማ የሚሆን መኖሪያ ነው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ከቀትር በኋላ ሳሎን ውስጥ መቀመጥ ከባድ ነው፤ አባቴም በዕድሜ የገፉና ሙቀት የማይችሉ በመሆናቸው አየሩ እስኪበርድ ድረስ ጥላ ፍለጋ ግቢ ለግቢ ወንበራቸውን ሲያዞሩ ይውላሉ። በዚህ ምክንያት ጅዳ ለዓመታት ሠርቶ የተመለሰው የእህቴ ባል ከዕቃው ጋር ጭኖ ያመጣውን ፓኬጅ ኤሲ ልንተክል አስበናል።

ማሽኑ ኮምፕረሰሩም (ጋዙን የሚጨምቀው)፣ ኮንደንሰሩም (ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣው)፣ ኢቫፖሬተሩም (የቤቱን አየር የሚያቀዘቅዘው)፣ ማራገቢያውም በአንድ ትልቅ ሳጥን ውስጥ የተሰበሰቡበት ዓይነት ነው፤ እንደ ስፕሊት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ክፍል የለውም፤ ቀዝቃዛው አየር የሚወጣበትና የቤቱ አየር የሚመለስበት ሁለት አራት ማዕዘን አፎች ብቻ አሉት። ታርጋው ላይ የተጻፈውን እንዳለ ልገልብጠው፦ 60,000 ቢቲዩ፣ 220–230 ቮልት፣ 1 ፌዝ፣ 60 ኸርዝ፣ ጋዙ አር-22።

አንድ የላሜራ ሥራ ቤት አነጋግሬ ነበር። ዋናው ዳክት 30 በ20 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በኮርኒሱ ላይ ቢያልፍና ለአራቱ ክፍሎች ቢከፋፈል በቂ ነው፣ የመመለሻ ዳክት ተጨማሪ ወጪ ስለሆነ አያስፈልግም፣ አየሩ በመስኮት ይመለሳል ብለውኛል። ማሽኑን ደግሞ ጣሪያው ላይ እንድናወጣው መክረውኛል። ላሜራው ከመቆረጡ በፊት ይህን ሥራ የምታውቁ ሰዎች ሐሳባችሁን ብትሰጡኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ላሜራ ቆራጭ

ወንድሜ፣ ዳክት ስቆርጥና ስገጥም 14 ዓመት ሆኖኛል፤ ስለዚህ ማሽኑን ለሚያውቁት ትቼ ስለ ላሜራው ብቻ ልናገር። 60,000 ቢቲዩ ማለት 5 ቶን ነው፤ ሁለቱም የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ናቸው፣ ቶኑ እዚህ ላይ ክብደት አይደለም። ለአንድ ቶን በሰዓት 680 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ስለሚታሰብ የእርስዎ ማሽን በሰዓት ወደ 3,400 ሜትር ኩብ ይነፋል ማለት ነው። 30 በ20 የሆነ ዳክት ያለው የመተላለፊያ ስፋት 0.06 ካሬ ሜትር ብቻ ስለሆነ ያ ሁሉ አየር በዚያ ይለፍ ቢባል ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 16 ሜትር ይደርሳል። በመኖሪያ ቤት ውስጥ በዋናው ዳክት ከ4 እስከ 5 ሜትር፣ በቅርንጫፎቹ ደግሞ 3 ሜትር አካባቢ ሲሆን ነው ሰው ሳይረበሽ የሚተኛው። እንዲያውም 16 ሜትሩም አይደረስም፤ ማራገቢያው ያን ያህል ጉልበት ስለሌለው አየሩ ታንቆ ይቀንሳል፣ ኢቫፖሬተሩ በቂ አየር አጥቶ በረዶ ይጋግራል፣ እርስዎም ከወፍጮ ቤት የማይተናነስ ጩኸት እየሰሙ ሙቀቱ እንዳለ ይቀጥላል።

መመለሻ አያስፈልግም የሚለውን ምክር ደግሞ ፈጽሞ አይቀበሉት። ማሽኑ የሚነፋውን ያህል መልሶ መሳብ አለበት፤ የሚስበውም ከቤቱ ውስጥ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ቀድሞ የቀዘቀዘውን አየር በመስኮት እያስወጣችሁ የውጭውን ትኩስ አየር ሁልጊዜ እንደ አዲስ ታቀዘቅዛላችሁ። በእናንተ ቤት ስፋት ኮሪደሩ ላይ አንድ ትልቅ የመመለሻ ግሪል፣ ከኋላው ፊልትሮ ያለው፣ ይበቃል። ነገር ግን ማታ የመኝታ ቤት በር ሲዘጋ አየሩ የሚመለስበት መንገድ እንዳያጣ ከበሩ ሥር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተውለት ወይም ከበሩ በላይ ግሪል ይደረግለት። ከወጥ ቤትና ከመታጠቢያ ቤት ግን መመለሻ አይወሰድም፤ የቁሌቱ ሽታ መኝታ ቤት ድረስ ይሄዳል።

ብዙ ሰው የሚንቀው፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምከራከርበት ጉዳይ የዳክቱ ልባስ ነው። ባለፈው ግንቦት እዚሁ ኮምቦልቻ አንድ ቤት ኮርኒስ ላይ ወጥቼ ስሠራ ቴርሞሜትር ይዤ ነበር፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቆርቆሮው ሥር 52 ዲግሪ አሳየኝ። ምሳ ልበላ ስወርድ ማገር ላይ የረሳሁትን መዶሻ ተመልሼ ባነሣው ብረቱን መጨበጥ አልቻልኩም። እንግዲህ 13 እና 14 ዲግሪ የሆነ አየር በዚያ መካከል በባዶ ላሜራ ሲያልፍ አስቡት። 40 በ30 የሆነ 10 ሜትር ዳክት 14 ካሬ ሜትር ገላ አለው፤ ሳይለበስ ቢቀር በዚያ ሙቀት ወደ 2.8 ኪሎ ዋት ሙቀት ይጠጣል፤ ይህም ከማሽኑ ላይ 0.8 ቶን ያህል መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። 25 ሚሊ ሜትር ፋይበር ግላስ ከውጭ ቢለብስና ፎይሉ በደንብ ቢታሸግ ኪሳራው ወደ 0.6 ኪሎ ዋት ይወርዳል። ያልለበሰ ዳክት በክረምት ደግሞ ላብ እያላበው ቺፕውዱን ያበሰብሰዋል።

መገጣጠሚያው ሁሉ በማስቲክ ወይም በአሉሚኒየም ፕላስተር ይታሸግ፤ ተራው የጨርቅ ፕላስተር በዚያ ሙቀት ዓመት ሳይሞላው ተላጦ ይወድቃል። ማሽኑና ዳክቱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ አንድ ስንዝር የሚረዝም ወፍራም ሸራ ጣልቃ ይግባ፤ ካልሆነ የኮምፕረሰሩ ንዝረት በላሜራው ተጉዞ አልጋ ላይ ይደርሳል። ማሽኑን ጣሪያ ላይ ስለማውጣት የተባለውን ግን እንኳን ልመክር መስማትም አልፈልግም። ባለ 5 ቶን ማሽን ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ያን ክብደት ከነንዝረቱ የሚሸከመው ሶሌታ እንጂ በባሕር ዛፍ የቆመ የቆርቆሮ ጣሪያ አይደለም። መሬት ላይ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ የኮንክሪት መደብ ይሠራለት፣ ከሥሩ ጎማ ይነጠፍ፣ በኮንደንሰሩ በኩል ቢያንስ አንድ ሜትር ባዶ ቦታ ይተውለት፤ ዳክቱም በጎን ግድግዳ ይግባ። ግድግዳው ሲበሳ ከላይ ያለው የኮንክሪት ማሰሪያ እንዳይነካ አደራ።

ሽቦና ብሬከር

ላሜራ ቆራጭ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ሆኖም ጠያቂው ራሳቸው የገለበጡትን አንድ ቁጥር ሁላችንም እያለፍነው ስለሆነ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ታርጋው 60 ኸርዝ ይላል፤ ኸርዝ ማለት መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚያሳይ ቁጥር ነው። የሳዑዲ ዓረቢያ መብራት 60 ኸርዝ ሲሆን የእኛው 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው። ቮልቱ ተመሳሳይ ስለሆነ ማሽኑ ሲሰካ ይነሣል፣ ያቀዘቅዛልም፤ ችግሩ የሚታየው ቆይቶ ነው።

የሚሆነው እንዲህ ነው። በ60 ኸርዝ በደቂቃ 3,500 ጊዜ ገደማ እንዲዞር የተሠራ ኮምፕረሰር በ50 ኸርዝ ወደ 2,900 ይወርዳል፤ ማራገቢያዎቹም በዚያው ልክ ይቀንሳሉ። ስለዚህ አቅሙ አንድ ስድስተኛ ያህል ይጎድላል። እሱ ብቻ ቢሆን ችግር አልነበረውም። ነገር ግን የሞተሩ ብረት የሚሸከመው መግነጢስ የቮልቱና የኸርዙ ክፍፍል ውጤት ነው፤ 230 ለ60 ሲካፈል 3.8 ገደማ፣ 220 ለ50 ሲካፈል ደግሞ 4.4 ይሆናል። ብረቱ ከታሰበለት 15 በመቶ ያህል በላይ ሲጫንበት አምፔሩ ይጨምራል፣ የሞተሩ የሽቦ ጥቅል ይግላል፣ ውስጥ ያለችው ባለ 24 ቮልት ትንሿ ትራንስፎርመር ሳትቀር ትግላለች። አንዳንድ ፋብሪካዎች ለሁለቱም የሚሆን ሞተር ይሠራሉ፤ እንደዚያ ከሆነ ታርጋው ላይ 50/60 ተብሎ ይጻፋል። የእርስዎ ላይ 60 ብቻ ከተጻፈ 60 ብቻ ነው።

የሰፈራችን ሰው ከባሕረ ሰላጤው ዕቃ ስለሚያመጣ ይህን ሁሉም ቢያውቀው እወዳለሁ፦ ከዱባይና ከአቡዳቢ የሚመጣው 50 ኸርዝ ነው፤ ከሳዑዲ የሚመጣው 60 ነው። ለቴሌቪዥንና ለስልክ ቻርጀር ለውጥ የለውም፤ ኮምፕረሰር ላለው ዕቃ ግን መጀመሪያ የሚነበበው እሱ ነው።

ቦርከና ዳር

እግዜር ይስጥልኝ፤ ጥሩ ዜና ባይሆንም ከተቃጠለ በኋላ ከመስማት ይሻላል። ወጥቼ ታርጋውን በጨርቅ ወልውዬ ደግሜ አየሁት፤ 60 ብቻ ነው። የእህቴን ባል ባማክረው፣ ትልቅ ስታቢላይዘር ገዝተን ብናስገባበት አይስተካከልም ወይ ይላል። በተጨማሪም አንድ ፍሪጅ ሠሪ የድሮው ጋዝ ወጥቶ አዲሱ አር-410ኤ ቢሞላበት ጉልበቱ ይጨምራል ብሎታል። ለዚህ ማሽን የመርከብና የመኪና ብዙ ገንዘብ ስለወጣበት እንዲሁ ተዉት ማለት ይከብደኛል።

ሽቦና ብሬከር

የወጣውን ገንዘብ አውቃለሁ፤ ስለዚህ በግልጽ ልመልስ። ስታቢላይዘር ቮልትን ከፍና ዝቅ ያደርጋል እንጂ ኸርዝን አይነካም። በሐሳብ ደረጃ ቮልቱን በትራንስፎርመር ወደ 190 ገደማ ብታወርዱት የሞተሩ ብረት ይተነፍሳል፤ ነገር ግን ባለ 5 ቶን ኮምፕረሰር ሲነሣ ለቅጽበት የሚስበው አምፔር ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ስለሆነ ለዚያ የሚሆን ትራንስፎርመር ውድና ከባድ ነው፤ አቅሙም እንደ ጎደለ ይቀራል። ኸርዝ የሚቀይሩት መሣሪያዎች ደግሞ በአብዛኛው ለባለ 3 ፌዝ ሞተር የተሠሩ ናቸው፤ በካፓሲተር ለሚሠራ ባለ 1 ፌዝ ኮምፕረሰር አይሆኑም።

ስለ ጋዙ የተባለው አደገኛ ነው። የአር-410ኤ ግፊት ከአር-22 በ60 በመቶ ያህል ይበልጣል፤ ዘይቱም የተለየ ነው። ለአር-22 በተሠራ ቱቦና ኮምፕረሰር ላይ እሱን መሙላት ማሽኑን ብቻ ሳይሆን ሠራተኛውንም ይጎዳል። በሌላ በኩል አር-22 ራሱ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከገበያ እየወጣ ያለ ጋዝ ነው፤ እንደ እኛ ባሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2030 ለጥገና ከሚቀር ጥቂት መጠን በስተቀር ይቆማል። ስለዚህ ኸርዙ ቢስተካከል እንኳ ጋዙ ሲያልቅበት ሌላ ፍለጋ ውስጥ ትገባላችሁ።

ጦሳ ሥር

እኔ ደሴ ነኝ። ደሴ ላይ ተቀምጦ ስለ ማቀዝቀዣ ማውራት ፈገግ ያሰኛል፤ እዚህ ጋቢ በግንቦትም አይታጠፍም። ይሁን እንጂ ሙቀታቸው እንዳይለዋወጥ ለሚፈለጉ መጋዘኖችና ላቦራቶሪዎች ፓኬጅ ማሽን ስተክል ስለኖርኩ፣ አዲስ ማሽን ለመግዛት ከመወሰናችሁ በፊት ሁለት ነገር ላክል።

የመጀመሪያው፣ 5 ቶን ለእናንተ ቤት ከመነሻውም ብዙ ነው። ጅዳ ላይ 100 ካሬ ሜትር ቤት 5 ቶን ቢፈልግ አይደንቅም፤ ከ40 ዲግሪ በላይ ከሆነ የውጭ ሙቀትና ከባሕር እርጥበት ጋር ነው የሚታገለው። ኮምቦልቻ በሞቃቱ ወራት 30 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ አየሩም ደረቅ ነው፣ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። የእናንተ ጠላት ቆርቆሮው ነው። ላሜራ ቆራጭ ከለኩት 52 ዲግሪ ትንሽ ዝቅ አድርጌ 50 ብል፣ ክፍሉ 25 እንዲሆን ቢፈለግ፣ 8 ሚሊ ሜትር ቺፕውድ በ100 ካሬ ሜትር ላይ ወደ 6.5 ኪሎ ዋት ሙቀት ወደ ታች ያሳልፋል። ኮርኒሱ ላይ 50 ሚሊ ሜትር የመስታወት ሱፍ ቢነጠፍ ያው ቁጥር ወደ 1.5 ኪሎ ዋት ይወርዳል። 5 ኪሎ ዋት ያህል፣ ማለትም 1.4 ቶን ማሽን፣ ያለ መብራት ተረፈ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ምዕራብ የዞረ ሰፊ መስኮት ከሌለ በስተቀር ከ2.5 እስከ 3 ቶን ይበቃችኋል። ከልክ በላይ የሆነ ማሽን ቶሎ አቀዝቅዞ ቶሎ እየጠፋ በየጥቂት ደቂቃው ሲነሣ ኮምፕረሰሩ ዕድሜ አይኖረውም።

ሁለተኛው የከፍታው ነገር ነው። ላሜራ ቆራጭ የሰጡት 680 ሜትር ኩብ በባሕር ጠለል ላይ ላለ አየር የወጣ ቁጥር ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከጅዳው አንድ አምስተኛ ያህል ቀለል ይላል፤ እኛ ጋ ወደ 2,500 ሜትር ስንወጣ አንድ አራተኛ ያህል ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚሸከመው ቅዝቃዜ በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ለአንድ ቶን በሰዓት 850 ሜትር ኩብ ያህል ብታስቡ ይሻላል። የማሽኑ አጠቃላይ አቅም በ20 በመቶ አይወርድም፤ ግን ትንሽ ስለሚወርድ ከ2.5 ይልቅ ወደ 3 ቶኑ ማድላት ጥሩ ነው። እንግዲህ 3 ቶን በሰዓት 2,550 ሜትር ኩብ ይፈልጋል፤ 50 በ32 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዋና ዳክት በሰከንድ 4.4 ሜትር ፍጥነት ያሳልፈዋል። መመለሻውን 50 በ40 አድርጉት። ዋናው ዳክት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ካለፈ በኋላ ይጥበብ። በየቅርንጫፉ ዳምፐር (የአየሩን መጠን የሚከፍትና የሚዘጋ ክዳን) ይደረግ፣ የአባትዎን ክፍል ከሌሎቹ ለይቶ ለመቆጣጠር ይረዳል።

ስለ ውኃው ማንም ስላልተናገረ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። በሥራዬ መጀመሪያ ላይ አንድ መጋዘን ውስጥ ስተክል የማፍሰሻውን ቱቦ ቀጥ አድርጌ አወጣሁት። ማሽኑ ይሠራል፣ ያቀዘቅዛል፣ በቱቦው ግን ጠብታ አይወርድም። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ነው ብዬ ተውኩት። በሦስተኛው ሳምንት ጂፕሰሙ አብጦ ሲወርድ ጠሩኝ፤ ደርሼ ማሽኑን ሳጠፋው በዚያ ሲደርቅ በከረመ ቱቦ ውኃው እንደ ቧንቧ ወረደ። ማራገቢያው ከኢቫፖሬተሩ በኋላ ስለሚገኝ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ዝቅተኛ ግፊት አየርን በቱቦው ወደ ውስጥ ይስባል፤ ያ አየር ውኃውን ሳፋው ላይ አግቶ ያስቀረዋል፣ ሲሞላም ዳክት ውስጥ ይረጨዋል። መፍትሔው ቱቦው ከማሽኑ እንደወጣ የሲንክ ዓይነት ኩርባ መሥራት ነው፤ ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል፤ ከዚያም በአንድ ሜትር አንድ ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ይሂድ። በበጋ ኩርባው ስለሚደርቅ ሥራ ከማስጀመራችሁ በፊት አንድ ብርጭቆ ውኃ ጨምሩበት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሳልናገረው ብቀር ቅር ይለኛል። ኤሲ ያለው ቤት መስኮቱ ይዘጋል፤ ማሽኑም ያንኑ አየር ነው ደጋግሞ የሚያዞረው። ወሎ ቤት ደግሞ ቡናው ከነከሰሉና ከነዕጣኑ ሳሎን ውስጥ ነው የሚፈላው። የከሰሉ ጢስ ባይታይም መርዝ አለው፤ መርዙም ሽታ የለውም፤ ዳክቱ ደግሞ ሳሎን ያለውን ወደ መኝታ ቤት ያደርሰዋል። ቡና ሲፈላ ማሽኑ ይጥፋ፣ መስኮቱ ይከፈት፣ ወይም ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ። የዕጣኑ ጢስ ብቻውንም ቢሆን ፊልትሮውን ቶሎ ያጠቁረዋል፤ በወር አንድ ጊዜ ይታጠብ።

ሽቦና ብሬከር

ባለ 3 ቶን 50 ኸርዝ ማሽን ከገዛችሁ ከ16 እስከ 18 አምፔር ገደማ ይስባል። ከቆጣሪው ራሱን የቻለ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና የራሱ ብሬከር ይውጣለት፤ ከምጣዱ ጋር በአንድ መስመር እንዳይሆን። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚወስድ ሁለቱ አንድ ላይ ሲነሡ የቤቱ ቮልት ይወርዳል። ጎረቤቱ ሁሉ በሚጋግርበት ሰዓት ቮልቱን በሜትር ለኩት፤ ከ198 በታች ከሆነ ስታቢላይዘሩ ያን ጊዜ ነው የሚያስፈልገው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፕረሰሩ ወዲያው እንዳይነሣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚያዘገይ ሪሌ ይግባበት። የመሬት ሽቦውን ከውኃ ቧንቧ ጋር የሚያስሩ ሰዎች ስላሉ፣ ራሱን የቻለ የመሬት ዘንግ እንዲተከል አጥብቃችሁ ጠይቁ።

ቦርከና ዳር

ወንድሞቼ፣ አምላክ ዕድሜ ይስጣችሁ። ከቤተሰቡ ጋር ተመካክረን ኮርኒሱን አስቀደምን። የመስታወት ሱፉ ባለፈው ቅዳሜ ተነጥፎ አልቋል፤ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ አባቴ ወንበራቸውን ሳያወጡ ሳሎን ውለዋል፣ ምንም እንኳ በዚያ ቀን ትንሽ ደመና ስለነበረ ገና አላመንኩትም። ሁለት ሳምንት ቴርሞሜትር ሰቅዬ ከተከታተልኩ በኋላ 3 ቶን ይሁን 2.5 እንወስናለን፤ የእህቴ ባልም ዱባይ ላለ ጓደኛው ደውሎ የታርጋውን ፎቶ ሳያይ ምንም እንዳይገዛ ነግሮታል። ላሜራ ሥራ ቤቱን 50 በ32 ስላቸው መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ የ16 ሜትሩን ሒሳብ ወረቀት ላይ ሠርቼ ሳሳያቸው ግን ሽማግሌው ባለሙያ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ ደመሩትና ወረቀቱን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

የጅዳውን ማሽን ሸራ አልብሰን ከግቢው ጥግ አስቀምጠነዋል። ማራገቢያውንና ሳጥኑን የሚፈልግ ቴክኒሽያን እስኪገኝ ድረስ የእናቴ ዶሮዎች ላዩ ላይ ማደር ጀምረዋል።